እትዬ ለፎቶ ታጠቡ

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት አባቷ።

«አባ፣ ልጅ አይደለሁም እኮ።»

«ጨፍኚ ስልሽ ጨፍኚ! አንድ ደቂቃ ነው።»

ሮሆቦት ጨፈነች። የትምህርት ቤቱ ካሜራ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ በብብቷ ይዛዋለች። አባቷ ነጋሽ ትከሻዋን ይዞ፣ በእንጨት ሳጥኖቹ መሀል እየመራ፣ ወደሚሠራበት መጋዘን፣ ወደ ዌርሃውሱ የኋላ ግቢ ወሰዳት። ከጫማዋ ሥር ውሃ ተንቦጫረቀ። ዌርሃውሱ ባለበት ከተማ፣ ፋርመርስ ብራንች ላይ ዝናብ ከጣለ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ታዲያ ይኼ ውሃ ከየት መጣ ብላ ማሰብ ስትጀምር አባቷ ቆመ።

«አሁን ክፈቺ!»

ከፈተች። አጥሩ ሥር፣ ፎቶ ልታነሳት የመጣችላት ሐውልት ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ላይ፣ ሌላ ሐውልት የቆመች መሰላት። ይቺኛዋ ነጭ ናት፤ እንደ ስኳር ነጭ። ከግራ ዓይኗ እስከ አገጯ የሚወርደው ጥቁር መስመር የለም። ትከሻዋን የሸፈነው፣ ድንጋይ ላይ ብቻ የሚበቅለው ቢጫ ሻጋታ የለም። በቀሚሷ እጥፋቶች ውስጥ የነበረው አረንጓዴ የለም። ሮሆቦት ጠጋ ብላ አየች። ከንፈሯም የለም። ከንፈር የነበረበት ቦታ ላይ ልስልስ ያለ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

ነጋሽ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። የፕሬዠር ዎሸሩን፣ የዚያን ውሃ በኃይል የሚተፋ ማሽን ረጅም ቱቦ በእጁ እንደያዘ ነው። ፊቱ በርቷል።

«እህስ? እንዴት ናቸው እትዬ? ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ነው የፈተግኳቸው! ስንት ዘመን የተጫነ ቆሻሻ እንደሆነ ጌታ ይወቀው። ለመጨረሻው ፎቶሽ ጸድተው ይቅረቡልሽ ብዬ ነው።»

ሮሆቦት ጩኸቱ እስኪመጣላት ጠበቀች። መቼም እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ይጮሃል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ካሜራውን ይወረውራል። ምንም አልመጣም። የጥርስ ሐኪም ጉንጯን ማደንዘዣ የወጋት ቀን እንዲህ ሆና ነበር፤ ብትነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ነበር የሚመስላት። አሁን ግን ጉንጯ ብቻ አልነበረም የደነዘዘው።

«አመሰግናለሁ፣ አባ» አለች።

ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ሳምንት በፊት ነው። የፎቶግራፍ መምህሯ ሚስተር ኦርቴጋ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቹ አንድ ሥራ ሰጣቸው፤ አንድ ነገር ምረጡ፣ ያንኑ ነገር በየሳምንቱ አንሱ፣ መጨረሻ ላይ ዓርብ ማታ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ እንሰቅለዋለን አለ። ሌሎቹ ውሻቸውን፣ ጫማቸውን፣ የወንድማቸውን መኪና መረጡ። ሮሆቦት አባቷ የሚሠራበትን ዌርሃውስ አስታወሰች።

ዌርሃውሱ የድንጋይ መጦሪያ ነው ማለት ይቻላል። የሀብታሞች አሮጌ ቤት ሲፈርስ ወይም ሲሸጥ፣ በአትክልቱ ውስጥ የነበረው ፏፏቴ፣ ዓምድ፣ አንበሳ፣ ሐውልት ሁሉ ተጭኖ እዚያ ይመጣል፤ ገዢ እስኪያገኝም ግቢው ውስጥ ይቆማል። ከሁሉ የምታምረው አንዲት የእብነ በረድ ሴት ነበረች። የጥንት ሮማውያን ይቀርጹ በነበረው አምሳል፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጣልያን አገር የተሠራች ናት። ከዚያ ውስጥ መቶውን ዓመት በአንድ ባለጸጋ ግቢ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁባት ኖራለች። አፍንጫዋ የለም፣ ቀኝ እጇም ከክርኗ በታች ወድቋል። ነጋሽና የሥራ ባልደረባው ገመቹ ስም አውጥተውላታል፤ እትዬ። ጠዋት ሲገቡ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ይሏታል። አለቃቸው ሚስ ሊንዳም ከመስማት ብዛት «ኢትዬ» ማለት ጀምራ ነበር።

ሮሆቦት እትዬን ባነሳችባቸው ሦስት ቅዳሜዎች ብዙ ነገር ተምራለች። የቀትር ፀሐይ ድንጋይን ሜዳ እንደሚያደርገው፣ ብርሃን ከጎን ሲመታ ግን እያንዳንዱ ስንጥቅ እንደሚናገር፣ ደመና ሲሆን ደግሞ ጥቁሩ መስመር ጎልቶ እንደሚወጣ አወቀች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ብርሃኑ አልመጣ ሲላት ገመቹ ከውስጥ ወጥቶ አየት አደረጋትና «ወዴት ይዙሩልሽ?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ዕቃ ማንሻ ማሽኑን፣ ፎርክሊፍቱን አምጥቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ትንሽ ላስቸግርዎ» እያለ ሐውልቷን ወደ ምሥራቅ አዞረላት። ከነቀምቴ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሃያ አራት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ሮሆቦትን «ፎቶ አንሺዋ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት እራት ላይ «ቅዳሜ የመጨረሻው ነው» ብላ ነበር። አባቷ ይህንን ሰማ። ነጋሽ ፎቶ ሲባል የሚመጣበት አንድ ነገር ነው፤ ሆሳዕና፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና፣ የከተማው ብቸኛ ፎቶ ቤት። ተማሪው በር ላይ ከጀሪካን በሚቀዳ ውሃ ፊቱን ይታጠባል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ ለሁሉም የተዘጋጀችውን አንዲት ኮት በተራ እየለበሰ ይገባል። ለፎቶ ሳይታጠቡ መቅረብ ማለት፣ በነጋሽ ሕግ፣ ራስንም ፎቶ አንሺውንም መናቅ ነው። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ያደፈች ሴት ስታነሳ አይቶ ዝም ማለቱም በርትቶ ነው። እንግዲህ የመጨረሻዋ ፎቶ እንድታምር ብሎ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ከሌሊት እንቅልፉ ተነስቶ ሄደ። መቶ ዓመት የዘነበው ዝናብ ያላደረገውንም በሁለት ሰዓት አደረገ። ልታጌጥ ሄዳ ተመልጣ መጣች ይባላል፤ እትዬስ የትም አልሄዱም፣ ቆመው በቆሙበት ነው የተመለጡት።

ያም ሆኖ ሮሆቦት ማቆሚያውን ተከለች። አባቷ እያያት ስለነበር ማንሳት ነበረባት። አሥር ጊዜ ያህል አነሳች። ከዚያ ነጋሽ ጉሮሮውን ጠረገና «እስቲ እኔንም ከእሳቸው ጋር አንዴ» አለ። ቱቦውን እንደያዘ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት፣ ከነጯ ሴት አጠገብ ቆመ። ሳቀ። እሷም ጠቅ አደረገችው።

ሰኞ ማታ ነጋሽ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሮሆቦት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ሒሳብ እየሠራች ነበር። እናቷ እናትነሽ ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ገና መግባቷ ስለነበር የሥራ ልብሷን አላወለቀችም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ገመቹን ሰስፔንድ አደረጉት፤ ከሥራ ታገደ።»

«ምን አድርጎ?»

«ሐውልቷ ታጥባለች። ያቺ ነጯ... ማለቴ፣ አሁን ነው ነጭ የሆነችው። ተሸጣ ኖሯል፤ ሐሙስ ልትላክ ነበር። ገዢዋ የወደደችው እርጅናዋን ነው አሉ። ዛሬ ፎቶ ሲልኩላት ይቺን አይደለም የገዛሁት አለች።»

«ገመቹ ነው ያጠባት?»

ነጋሽ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። «እሁድ ከቸርች በኋላ ገብቶ መኪናዎቹን አጥቧል። ፕሬዠር ዎሸሩን የያዘው እሱ ነው ተባለ። የግቢው ካሜራ እንደሆነ የሚያየው የፊት በሩን ብቻ ነው። ሚስ ሊንዳ ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠየቀችን። እኔን ቅዳሜ ስትወጡ እንዴት ነበረች አለችኝ።»

«እና?»

«ደህና ነበረች አልኳት።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሳም። ሮሆቦት እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ሲዋሽ ሰምታ አታውቅም። የማኅበራዊ ዋስትና ካርድ ቅጽ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት እንደገና የሚያስሞላት ሰው ነው። አፉ አምልጦት እንደሆነ ገባት፤ ደንግጦ ነው፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶት ነው፣ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ነው። አንዴ ካመለጠው በኋላ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ይህ ሁሉ ገባት፤ የሚሰማት ነገር ግን አልነበረም። ስድስተኛውን ጥያቄ ሠርታ ወደ ሰባተኛው አለፈች።

«ውይ ገመቹ፣ ምን ነካው ይኼ ልጅ» አለች እናትነሽ፣ ምንም ያላወቀችው። «ብቻውን ምን ይበላ ይሆን?»

ማክሰኞ ዕለት ሚስተር ኦርቴጋ የሮሆቦትን ፎቶዎች በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈታቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ፎቶዎች ላይ ቶሎ ቶሎ አለፈ፤ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ይኼን እንሰቅለዋለን፣ ይኼንንም። አራተኛው ሳምንት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምን ሆነች?» አለ።

«ታጠበች።»

ሚስተር ኦርቴጋ መነጽሩን አወለቀ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አያት። ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ወደ መጨረሻው። ስክሪኑ ላይ ነጋሽ ወጣ። ሱሪው ርሶ፣ ቱቦውን ይዞ፣ ከንፈር ከሌላት ሴት ጎን ቆሞ ይስቃል። የጠዋቱ ብርሃን ከጎን ገብቶ የእሱን የፊት መሸብሸብ አንድ በአንድ አውጥቶታል፤ የእሷ ፊት ላይ ደግሞ የሚያወጣው አጥቶ አልፏል። ሮሆቦት ይህን ስታነሳ አላየችውም ነበር።

«ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«አንቺ...» አለ ሚስተር ኦርቴጋ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሦስቱን አሮጌዎቹን፣ ከዚያ የታጠበችውን፣ ከዚያ ይኼን። አምስቱን በተራ። ሃያ ዓመት ሳስተምር ተማሪዬ እንዲህ ያለ ፎቶ አምጥቶልኝ አያውቅም። ግን አባትሽ ነው፤ ፎቶውም ያንቺ ነው። ይሰቀል ካልሽ ሐሙስ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ንገሪኝ፣ ፍሬም አስገባዋለሁ።» አንድ ቅጂም አትሞ ሰጣት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ትበር ነበር። አሁን ግን የምታስበው ሚስ ሊንዳን ብቻ ነው። ሚስ ሊንዳ ግቢው ውስጥ እንድታነሳ ስትፈቅድላት አንድ ነገር ነው የጠየቀቻት፤ ኤግዚቢሽኑ ላይ ጥሪኝ አለቻት። ሮሆቦትም የጥሪ ካርዱን ሰጥታታለች። ዓርብ ማታ ትመጣለች፣ አምስተኛው ፎቶ ፊት ትቆማለች፣ ቱቦው በማን እጅ እንዳለም ታያለች።

«አስብበታለሁ» አለች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናትነሽ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ምስር ወጥና እንጀራ በፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጅታ ትታላታለች። ለገመቹ አድርሺለት ይላል ወረቀቱ። ገመቹ በዚሁ አፓርትመንት፣ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ባለው ሕንጻ ውስጥ ነው የሚኖረው። በሩን ሲከፍት ወለሉ ላይ ሁለት ካርቶን ተቀምጦ አየች፤ ልብሶቹን እየከተተ ነበር።

«ኦ፣ ፎቶ አንሺዋ! ግቢ።»

«እማዬ ናት የላከችልህ።»

«ጌታ ይባርካት። ምን አስቸገራት?» ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሮሆቦት ካርቶኖቹን እንዳየቻቸው አየና «ማኪኒ ከተማ የአክስቴ ልጅ አለ» አለ። «ዴሊቨሪ ይሠራል። ና አንድ ላይ እንሥራ እያለኝ ነው። ሶ፣ እዚያ ልሞክር ብዬ።»

«ግን እኮ አንተ አላጠብካትም።»

ገመቹ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ክዳኑን ሳያስፈልግ አጠበቀው።

«እሁድ ስገባ ታጥባ ነበር» አለ። «ሚስ ሊንዳ አሳጥባት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ሰኞ ሲጠይቁኝ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ቅዳሜ እነማን እንደነበሩ አንቺም ታውቂያለሽ።» ሳቅ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ስሚኝ፣ ፎቶ አንሺዋ። ኤርፖርት የተቀበሉኝ ጋሽ ነጋሽ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ሶፋቸው ላይ ነው ያደርኩት። ሥራውንም ያስገቡኝ እሳቸው። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ምንም አልሆንም። እሳቸው ቤተሰብ አላቸው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ኦኬ?»

«አባቴ ግን አንተ እንደምታውቅ አያውቅም።»

«አይወቁ። ምን ያደርግላቸዋል? ያፍራሉ እንጂ።»

ሮሆቦት መኪና ማቆሚያውን አቋርጣ ተመለሰች። ቤት ስትገባ አባቷ ቀድሟት ገብቷል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል።

«ከየት ነው?»

«ገሜ ጋ። ምግብ ላደርስ።»

ነጋሽ ራሱን ነቀነቀ። የሪሞቱን ባትሪ መክደኛ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «ሮሂ» አለ በመጨረሻ። «ያ እኔ ያለሁበት ፎቶ... እሱን አጥፊው።»

ጠየቃት እንጂ አላዘዛትም። ለዚህም ነው እምቢ ለማለት የከበዳት። ሆሳዕና ሳለች ትኩሳት ይዟት ሌሊቱን ሙሉ በጀርባው አዝሏት የዞረ ሰው ነው። ድምፁ እንዲህ አንሶ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

«እሺ» አለች።

ክፍሏ ገብታ ካሜራውን ከፈተች። ፎቶውን አወጣች። የማጥፊያውን ምልክት ስትነካ ካሜራው «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ማሽን መቼም ሲፈጥረው ጠያቂ ነው። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆየ። ይህ ከጠፋ፣ ለሚስተር ኦርቴጋም አይሰቀል ካለችው፣ እትዬን ያጠበው ለዘላለም ገመቹ ነው። ካልጠፋ አባቷ ነው። ሦስተኛ ነገር ፈለገች፣ አጣች። ካሜራውን ሳታጠፋው፣ ፎቶውንም ሳታጠፋ፣ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት ነጋሽ ወደ ሥራ ሲሄድ እንደወትሮው ሊያደርሳት ወሰዳት። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅ የሚያወርዱ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ተራቸው ደርሶ መኪናው ሲቆም ሮሆቦት አልወረደችም። ከቦርሳዋ ውስጥ ማኅደር አወጣች፣ ከማኅደሩም ውስጥ ማክሰኞ ዕለት ሚስተር ኦርቴጋ ያተመላትን ፎቶ።

«አላጠፋሁትም» አለች።

ነጋሽ ፎቶውን ተቀበላት። ለረጅም ጊዜ አየው።

«እዚህ ላይ ደስ ብሎኛል» አለ።

«አዎ።»

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«አሁን ገብቼ ስቀለው ልለው ነው። ነገ ማታ ይሰቀላል። ሚስ ሊንዳም ትመጣለች።»

«ሮሂ...»

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አባ። ነገ እሷ ከግድግዳ ላይ ከምታየው፣ ዛሬ አንተ ብትነግራት ብዬ ነው። ለዚህ ነው የምነግርህ።»

ነጋሽ ፎቶውን መሪው ላይ አስደገፈው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ። «ድንጋዩ አንዴ ሆኗል። እኔ ብናገር ከንፈሯ አይመለስ። ገመቹ ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል። እኔን ግን ካባረሩኝ...»

«ገሜ እኮ ያውቃል!»

ከየት እንደወጣ እሷም አላወቀችውም። ጮኻ ነበር። ቅዳሜ ጠብቃው የቀረው ጩኸት አምስት ቀን ዘግይቶ፣ መኪና ውስጥ፣ ሰው በተሰለፈበት መጣ። ተናዳለች፣ በአባቷ ላይ በጣም ተናዳለች፣ ደግሞ ታዝንለታለች፤ ሁለቱም አንድ ላይ አመሟት።

«ያውቃል?» አለ ነጋሽ።

«እሁድ ገብቶ ታጥባ አይቷታል። ቅዳሜ አንተ እንደነበርክ ያውቃል። ሶፋችን ላይ ስለተኛ ነው ዝም ያለው። ልብሱን በካርቶን እየከተተ ነው፣ ማኪኒ ሊሄድ። አንተ እንዳታፍር ብሎ ነው፣ አባ! አንተ እንዳታፍር!»

ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ነጋሽ አልሰማም። ቀይ ካኒቴራ የለበሰችው የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ በእጇ እለፉ እለፉ እያለች ምልክት ሰጠቻቸው፤ እሷንም አላያትም። ፊቱን በመዳፉ ከላይ ወደ ታች አበሰ። እጁ ሲወርድ ያረጀ መሰላት።

«ሚስ ሊንዳ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች» አለ ቀስ ብሎ።

ሮሆቦት የመኪናውን ሰዓት አየች።

«ስደነግጥ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። ሰኞም እንደዚያ ነው የሆንኩት። ማለቴ... ለዚያ ብቻ አይደለም። ግን ይጠፋብኛል።»

የባንክ ደብዳቤ ቢመጣ፣ መንጃ ፈቃድ ቢታደስ፣ ሐኪም ቤት ቢደወል፣ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የምትተረጉመው እሷ ናት። ምን ሊጠይቃት እንደሆነ ገባት።

«አልተረጉምልህም» አለች። «እኔ አጠብኳት በላት፤ አጭር ነው። ግን አጠገብህ እቆማለሁ።»

«ትምህርትሽስ?»

ስልኳን አወጣችና ለሚስተር ኦርቴጋ ጻፈች፤ ዛሬ አረፍዳለሁ፣ አምስቱንም ስቀላቸው። ላከችው። ከዚያ ፎቶውን ከአባቷ እጅ ወስዳ ማኅደሩ ውስጥ መለሰች፣ ማኅደሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ቀበቶዋንም መልሳ አሠረች።

ከኋላ ያለው መኪና እንደገና ጥሩምባ ነፋ። ነጋሽ ፍሬቻ አብርቶ ከሰልፉ ወጣ፤ ወደ ፋርመርስ ብራንች በሚወስደው መንገድም ታጠፈ።